ሳይበስል የቀረ ተረከዝ

አባቷ እግር ሠሪ ነው። የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሏት እንዲህ ብላ ስትመልስ የሚስቅ አይጠፋም፤ እሷ ግን እየቀለደች አይደለም። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የማይለየው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ረጅም ክፍል አለ። አባቷ እዚያ ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ ኖሯል፤ መኪና ለገጨው፣ ስኳር ላሳጣው፣ ማሽን ለቆረጠው፣ ከእናቱ ሆድ ጎድሎ ለወጣው። በእጁ ሥራ ቆመው የሄዱ ሰዎች በስሙ አይጠሩትም። መንገድ ላይ ሲያዩት ከማዶ ሆነው "አባ እግሬ" ብለው ይጣራሉ። እሱም ፊታቸውን ከማየቱ በፊት አረማመዳቸውን አይቶ ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ልጁ ደግሞ እግር ከየት እንደመጣ የምታስተምር ሆና አረፈችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሄዳ፣ በሰው አገር አሥራ ሦስት ዓመት አጥንት ስትቆጥር፣ የአጥንትን ዕድሜ ስትለካ ቆይታ ተመለሰች። አሁን ኮሌጁ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህርት ናት። ከተመለሰች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ሳለ ሻንጣዋ ግን አሁንም አልጋዋ ሥር እንደታጨቀ ነው። አባቷ ክፍሏን ባለፈ ቁጥር፣ "ይሄ ሻንጣ ከእኛ ጋር ነው ወይስ መንገድ ላይ ነው?" ይላታል። እሷ ስቃ ታልፋለች። እዚያ እያለች የዚህ ሰው ነበረች፤ እዚህ ስትመጣ የዚያ ሰው ሆነች። በሁለቱም ቦታ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆነው ሲነግሯት ወዲያው የሚበላት ነገር አለ። እናቷ ከአራት ዓመት በፊት ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የተጣሉት እራት ላይ ነው። የኮሌጁ ደረጃ ላይ እግሯ ወልቆ ነበርና አባቷ ቁርጭምጭሚቷን በጨርቅ ሲጠቀልልላት ቆይቶ ገበታ ቀረቡ። ሕመሙ ነው መሰል ክፉ አደረጋት።

"አባዬ፣ ይሄን ቁርጭምጭሚት አንድ የአንተ ሠራተኛ ሠርቶ ቢያመጣልህ በማግስቱ ነው የምታባርረው" አለችው። "ለዛፍ መውጫ የነበረ ነገር ነው። እየተለጠፈ፣ እየተጠጋገነ ለመሬት ሆነ። ንድፍ ያለው ሰው እንዲህ አይሠራም።"

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። አንዲት የእግር ጣት እንኳ አስመስዬ መሥራት አልቻልኩም። እኔ ያቃተኝን ሥራ ማንም አልሠራውም ብለሽ አታሹፊብኝ።"

"እያሾፍኩ አይደለም፤ ሳይንሱ ነው።"

"እግርሽን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፤ እንዳያብጥ" ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በመካከላቸው "ደህና አደርሽ" እና "ሻይ ቀርቧል" ብቻ ቀረ። አባቷ ሲያኮርፍ በር በኃይል አይዘጋም፣ ድምፅም አያሰማም፤ በጣም ትሑት ይሆናል። እሷን የሚገድላት ይኸው ነው።

በዚሁ መሀል ኮሌጁ የውይይት ማስታወቂያ ለጠፈ። "ሕይወት፦ በንድፍ ወይስ በዝግመተ ለውጥ?" ይላል። በዝግመተ ለውጥ በኩል እሷ፤ በንድፍ በኩል የድልድይ ሥራ የሚያስተምረው መሐንዲስ። መሐንዲሱ ጨዋ ሰው ነው፤ ዝናብ ሲይዛት በመኪናው ቤቷ ድረስ ይሸኛታል፤ ለመጣላት እንኳ አይመችም። ከሱ ስም ሥር ግን በትንንሽ ፊደል "በእንግድነት፦ የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያው አባ እግሬ" የሚል ተጽፏል። ማስታወቂያው ፊት ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የገዛ አባቷ ከሰው ጎን ተሰልፎ ሊመጣባት ነው፤ የሰማችውም ከግድግዳ ነው።

ውይይቱ ሁለት ቀን ሲቀረው በምሳ ሰዓት ወደ አባቷ መሥሪያ ቤት ሄደች። አባቷ ሕመምተኛ ሊለካ ወደ ዋርድ ወጥቷል። የፈለገችው መደርደሪያውን ፎቶ ማንሣት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው መደርደሪያ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የተሠሩ የእግር ዓይነቶች አንድ አንድ ናሙና ቀርቶላቸው በተራ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ድፍን እንጨት ነው፤ እንደ አልጋ እግር የከበደ። ቀጥሎ ያለው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማጠፊያ ብረት ተገጥሞለታል። ከዚያ ውስጡ እንጨት፣ ውጪው ጎማ ይሆናል። እየቆየ ጎማው ይወፍራል፣ እንጨቱ ያጥራል፣ ጣቶቹ ይጠፋሉ፣ ተረከዙ ያብጣል። ከዳር እስከ ዳር ያየው ሰው አንድ እግር ቀስ እያለ ሌላ እግር ሲሆን ያያል።

ከመደርደሪያው ጫፍ አባቷ የድሮ የሥራ ደብተሮቹን ደርድሯል። ለምን እንደከፈተቻቸው ራሷም አታውቅም፤ ወረቀት ባለበት እጇ አርፎ አያውቅም። ቁጥር፣ ግራ ወይም ቀኝ፣ የትኛው ፎርማ፣ ምድጃ ውስጥ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ አስተያየት። ጎማውን የብረት ፎርማ ውስጥ ጠቅጥቀው በምድጃ ያበስሉታል፤ በደንቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ። አስተያየቶቹ አጭር አጭር ናቸው። "ተመለሰ፤ ተረከዙ ድንጋይ ሆነ።" "ተመለሰ፤ ጉልበቴን አመመኝ ይላል።" "ተመለሰ፤ ቁልቁለት ላይ ይገፈትረዋል።"

ከዚያ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ ደረሰች።

"ግራ፣ ፎርማ ሦስት። አንድ ሰዓት ሲቀረው ምድጃው ጠፋ። ሳልመረምረው ለባለቤቱ ተሰጠ። የኔ ጥፋት።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ከሦስት ወር በኋላ፦ ባለቤቱ፣ ፖስተኛው፣ አልመልስም አለ።" ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ፣ "ቁጥር አርባ አንድ፤ እንደ ሃያ ስድስቱ፣ ሆን ተብሎ።" ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የዚያ ስህተት ዘር ነው። ሃምሳ ደቂቃ የበሰለው ተሰነጠቀ። ሰማንያ ደቂቃ የበሰለው ደረቀ። ሰባ ደቂቃ በስሎ በተዘጋው ምድጃ ውስጥ እስኪነጋ የቆየው አልተመለሰም። ሌላውም አልተመለሰም። ሌላውም።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። አለት ውስጥ ጥርስ ያገኘ ሰው እንደዚያ ነው የሚሰማው። በሁለት መቶ ወንበር ፊት ልትለው የፈለገችው ነገር በአባቷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ተቀምጧል፦ አንድ ስህተት ተፈጠረ፣ የተመቸው ቀረ፣ ያልተመቸው ተመለሰ፤ ማንም ሳያስበው የተሻለ እግር ተገኘ።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የክብር ወረቀት ታያት። "ለስላሳውን ተረከዝ በረጅም ጥናትና በራሳቸው ንድፍ ላፈለቁ" ይላል። ከሆስፒታሉ የተሰጠው ነው። አባቷ ስለዚህ ወረቀት ሲያወራ ሰምታው አታውቅም፤ ትሕትና መስሏት ነበር።

ስልኳን አውጥታ የሃያ ስድስቱን መስመር ብቻ አስተካክላ ፎቶ አነሣች። የክብር ወረቀቱንም አነሣች። በማግስቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ሰባተኛው ስላይድ ላይ ለጠፈቻቸው። ስላይዶቹ ስምንት ናቸው። እውነት ነው፣ እውነትን ማን ይፈራል፣ አለች ለራሷ። ይህን ያለችው ሦስት ጊዜ ስለሆነ ውስጧ እንዳልተቀበለው ማወቅ ነበረባት። በዚያ ስላይድ ክርክሩን ታሸንፋለች። አባቷ ግን ከዚያ በኋላ በየመንገዱ "አባ እግሬ" ሲሉት ቀና ብሎ ማየት ይችል እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ማይክራፎኑ ያፏጫል፤ ተማሪዎቹ ወንበር ይጎትታሉ። መሐንዲሱ ቀድሞ ተናገረ፣ ጥሩም ተናገረ። ሕይወት ያለው ነገር ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ላይ ካልተሟሉ እንደማይሠራ አስረዳ። "ግማሽ ድልድይ ማንንም አያሻግርም" አለ። "ስለዚህ ድልድዩ ከመጀመሩ በፊት ሙሉው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር ማለት ነው።"

"ግማሽ ድልድይ ለዓሣ አጥማጅ መቀመጫ ይሆነዋል" አለች እሷ ከወንበሯ። "እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። መሐንዲሱም ስቆ ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

ከዚያ አባቷ ተነሣ። የደስታ ቀን ኮቱን ለብሷል። ከፌስታል ውስጥ አንድ የጎማ እግር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

"ይቺ የኔ ሥራ ናት" አለ። "ጠጠር ላይ ባቆማት ጠጠሩን አታውቀውም። የእናንተ እግር ግን ጠጠሩን እናንተ ከማወቃችሁ በፊት ያውቀዋል፤ ዘወር ብሎ ያድናችኋል። ሃያ ስድስት አጥንት አለው። እኔ ከሃያ ስድስቱ አንዱን አልሠራሁም፤ የሠራሁት የሚያሸክም ጎማ ነው። ልጄ እግር እየተጠጋገነ መጣ ትላለች። ይሆናል፤ እሷ ተምራለች፣ እኔ አልተማርኩም። ግን ጥገና የኔ ሥራ ነው፣ ጠጋኝ የሌለው ጥገና አይቼ አላውቅም። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ሁለቱን እግሬን መሬት ላይ ሳሳርፍ አመሰግናለሁ። በየቀኑ እግር የሌለው ሰው ስለማይ አልረሳም። የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው።"

ጭብጨባው ረዘመ። እሷም አጨበጨበች፤ ሳታውቀው ነው ያጨበጨበችው።

ሰብሳቢው ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ "አባታችን፣ ይቺን ለስላሳ ተረከዝ እንዴት እንደፈጠሯት ቢነግሩን" አለ።

 አባቷ የጎማውን እግር አነሣና አውራ ጣቱን ተረከዙ ላይ አሳረፈ፤ የሚያምን ሰው አንድ ቅዱስ ነገር እንደሚነካ ሳይሆን፣ የሚያፍር ሰው ቁስሉን እንደሚሸፍን ነው። "በሥራ ብዛት" አለ። ድምፁ ወረደ። ሌላ ማንም ልብ አላለም። ተቀመጠ።

ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ ጥሩ ሄደች። ቅርንጫፍ የሚጨብጥ እግርና መሬት የሚረግጥ እግር አጥንቶቻቸው አንድ በአንድ እንደሚተያዩ አሳየች። ሰጎን እንዴት በተጣበቀ አጥንት እንደምትሮጥ፣ እኛ ግን ለምን ብዙ ትርፍ መገጣጠሚያ ይዘን እንደምንዞር ነገረቻቸው። ወልቆ የነበረውን ቁርጭምጭሚቷን አሳይታ አሳቀቻቸው። አለት ውስጥ የተቀበሩት አጥንቶች በየትኛው ንብርብር እንደሚገኙ፣ በደማችን ውስጥ ያለው የውርስ ጽሑፍ ከሌሎች ፍጥረታት ጋር እንዴት የጋራ ስህተት እንኳ እንደሚጋራ አስረዳች። ከዚያ ስድስተኛው ስላይድ መጣ፤ መደርደሪያው። "ይሄ የአባቴ መደርደሪያ ነው" አለች። "የዝግመተ ለውጥ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ያሳየኋችሁ ነው። ይሄ ምሳሌ ነው። ግን ምሳሌውን ልብ በሉት።"

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። አባቷ የፊት ወንበር ላይ፣ የጎማውን እግር ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አጋድሞ ተቀምጧል። ተረከዙ መዳፉ ውስጥ ነው። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያኮረፈ ሰው ዓይን ሳይሆን፣ ልጁ በሰው ፊት ስትናገር የሚያይ አባት ዓይን።

ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ተጫነችው። "ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ" የሚለው ስላይድ ወጣ። ንግግሯ መሀል ላይ እንደተቋረጠ ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ጭብጨባው የይሉኝታ ነበር።

መሐንዲሱ እጇን ጨበጣት። "ምን ነካሽ? ልትጥዪኝ ደርሰሽ ለቀቅሽኝ እኮ።"

"ደከመኝ" አለችው።

አባቷ የጎማውን እግር ወደ መሥሪያ ቤት ሊመልስ ስለሆነ አብራው ሄደች። በሆስፒታሉ አጥር ጥግ ጥግ ተራመዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን እየፈለገ፣

"ሰባተኛው የት ሄደ?" አላት።

"ምኑ?"

"ከሥር በኩል ጥጉ ላይ ቁጥር አለ። ስድስት ከስምንት አለ፤ ቀጥሎ ስምንት ከስምንት አለ። ዕድሜዬን ሚሊሜትር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ያመልጠኛል?"

ልትዋሸው አሰበች፤ አልሆነላትም። ስልኳን ከፍታ ሰጠችው። መነጽሩን አደረገና አየ። ከግራ ደብተሩ፣ ከቀኝ የክብር ወረቀቱ።  የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከግድግዳው ወዲያ ይሽከረከራል።

"ያኔ ጽሕፈቴ ያምር ነበር" አለ በመጨረሻ።

"አባዬ..."

"ቆይ እስቲ። ለምን ዘለልሽው?"

"አውራ ጣትህን አየሁት።"

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ውስጥ ገቡ፤ የሥራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ብታሳያቸው ታሸንፊ ነበር?"

"አዎ።" ትንሽ አሰበች። "እንጃ። መሐንዲሱ፣ ስህተቱን ያቆየው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያስባል፤ ስለዚህ ንድፍ አለበት ይለኝ ነበር።"

"አንቺስ?"

"ያቆየው አባቴ አይደለም፣ የፖስተኛው ጉልበት ነው እለው ነበር።"

"እሱስ ምን ይላል?"

"እሱማ፣ ጉልበቱንስ ማን ሰጠው ይላል። እኔም አንድ ነገር እላለሁ። እንዲህ እያልን ምሳ ሰዓት ይደርሳል።"

አባቷ ሳቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፎቶውን እንደገና አየና፣ "ግን ከላዩ ለምን ቆረጥሽው?" አላት።

"ምኑን?"

"ገጹን ነዋ። መስመሩን ብቻ ነው ያነሣሽው። አምጪው ደብተሩን፤ ወገቤ አይታዘዝልኝም።"

አወረደችና ገለጠችለት። ከገጹ አናት፣ በዚያው በሚያምር ጽሕፈት፣ ቀን ተጽፏል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ቀን አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው። በሰው አገር በየቅጹ ላይ ስትሞላው የኖረችው ቀን ነው፤ የተወለደችበት።

"የልብስ ማጠቢያዋ ሴትዮ ናት እየሮጠች የመጣችው" አለ አባቷ። "ሚስትህን አምጥተዋታል፣ ገና ጊዜዋ አልደረሰም፣ ቶሎ ና አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ምድጃውን ትቼው ብሄድ ቤቱ ሊቃጠል ነው። አጠፋሁትና ሮጥኩ፤ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። አንቺ በሁለት መዳፍ የምትያዢ ነበርሽ። ትተርፋለች አትተርፍም እያሉ ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ አቆሙኝ። ጎማ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ምድጃው ባዶ ነው። ባልደረባዬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የበሰለ መስሎት ለፖስተኛው ገጥሞ ልኮታል። ለካ በቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ሲበስል አድሮ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ምን አውቄ። ይሰበርበታል፣ መንገድ ላይ ይወድቃል ብዬ ሦስት ወር ፈለግኩት። እንቅልፍ አልነበረኝም።"

"ለምን ሳትናገር?"

"ያልተመረመረ እግር ለሰው መስጠት ከሥራ ያባርራል። አንቺን ደግሞ ገና ከሆስፒታል አላወጣንሽም። ዝም አልኩ። በኋላ ነገሩ መልካም ሆኖ ሲገኝ በጥናት ነው አሉ፤ እኔ አላልኩም፣ ግን አይደለምም አላልኩም። ወረቀቱን ሲሰቅሉት ጊዜው አለፈ። እናትሽ ይሄን ታሪክ ትወደው ነበር። እንዳትናገር ያስማልኳት እኔ ነኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ ያ ወረቀት ነው የሚያየኝ እንጂ እኔ አላየውም።"

ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።  ኮሪደር ላይ ለሁለት ቀን የቆመው ሰው፣ እየሮጠች የመጣችው ሴትዮ፣ በሁለት መዳፍ የያዟት ነርሶች፤ አንዳቸውንም በዕድሜዋ አመስግና አታውቅም። ልታመሰግን እንደሚገባም አታውቅም ነበር። በሰው አገር ይህን ያህል ትምህርት ስትማር፣ ማንም ለማንም ሳያስብ ነገሮች እንዴት መልካም እንደሚሆኑ ተምራለች። መልካም ሲሆኑ ምን እንደሚደረግ ግን አልተማረችም።

"ለአንቺ ይሄ አጋጣሚ ነው፤ አይደል?" አላት።

"አጋጣሚ ነው።"

"ለእኔ አይደለም።"

"አውቃለሁ አባዬ።"

"አንድ ነገር ላይ ግን ሁለታችንም እንስማማለን።"

"ምን ላይ?"

ወደ ክብር ወረቀቱ በአገጩ ጠቆመ። "የኔ ብልሃት እንዳልነበረ።"

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ እሷ አለቀሰች፤ እሱም መነጽሩን አውልቆ ረዥም ጊዜ ጠረገው።

ሰኞ ፖስተኛው መጣ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰባተኛ እግሩን ሊወስድ ነው። ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ምላሱ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። ያን ቀን የምታስተምረው ክፍል አልነበራትምና እሷም እዚያው ነበረች፤ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን እግሮች አቧራ ትጠርጋለች። ሁለቱ ወጣት ባለሙያዎችም ጥግ ላይ ጀሶ ያቦካሉ።

አባቷ አዲሱን እግር ገጥሞ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ፊቱ ተንበረከከ። ሳይነሣ ነው የተናገረው፤ ቀና ብሎ ማየት ከብዶት ይሆናል።

"አንድ የምነግርህ ነገር አለ። የመጀመሪያው እግርህ የተበላሸ ነበር። አንድ ሰዓት ሲቀረው ያጠፋሁት ነው። ሳልመረምረው ነው የደረሰህ። ይሄ ሁሉ ሰው በጥናት ነው የሚለው፣ ውሸት ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ወጣቶቹ ጀሶውን ማቡካት አቆሙ።

"እና?" አለ ፖስተኛው።

"እናማ፣ ይሄው ነው።"

"አውቅ የለም እንዴ።"

አባቷ ቀና አለ። "ምን ታውቃለህ?"

"ያ ጓደኛህ ሲገጥምልኝ፣ ይቺ ነገር ጥሬ ጎማ ጥሬ ጎማ ትሸታለች፣ ባልደረባዬ ሲመጣ መልሳት ብሎኛል። ሦስት ቀን ተራመድኩባት። ደብዳቤ የማደርስበትን ረጅም ዳገት ወጣሁባት፣ ወረድኩባት። ጉልበቴ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ሆስፒታል አጠገብ ማለፍ ተውኩ፤ የዚህን ሰፈር ደብዳቤ ለሌላ ሰው አሳለፍኩት።"

"ሦስት ወር ስፈልግህ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ የለም ሲሉኝ..."

"ጓዳ ነበርኩ። የከተማውን ቤት ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከተደበቀ ማን ያገኘዋል?"

"አንተ ሰውዬ። እንቅልፍ አጥቼ ነበር እኮ።"

"እኔ ደግሞ እንዳትወስድብኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ተካካስን።" ፖስተኛው አዲሱን እግር መሬት ላይ ነካ ነካ አደረገ። "አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። አንተ ጥንቁቅ ሰው ነህ። ምድጃውን ለምን አጠፋኸው?"

አባቷ በአገጩ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ። እሷ የአቧራ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

"ያን ቀን ተወለደች" አለ።

ፖስተኛው አያት። ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣና በአዲሱ እግር ክፍሉን አቋርጦ መጣ። ፊቷ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሠላሳ ሦስት ዓመት ዘግይቷል" አለ። "ግን እጄ የገባ ነገር ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም። አመሰግናለሁ፣ ልጄ። ልጆቼን በዚያ እግር ነው ያሳደግኩት።"

"እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም" አለች። 

"መወለድ ቀላል ነው እንዴ?"

ወጣቶቹ ሳቁ። እሷ እጁን ጨበጠችው፤ ሻካራና ሞቃት ነው። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ተመስግናለች፤ ለጥናቷ፣ ለንግግሯ፣ ለጽሑፏ። ሁልጊዜ ትንሽ ትጠራጠር ነበር። ይህን ምስጋና ግን እንዴት ትጠራጠረው? ምንም ሳታደርግ የመጣላት ነው፤ ልትመልሰውም አትችልም።

ፖስተኛው ወጣ። ግቢው ኮረት የፈሰሰበት ነው፤ እርምጃው ይሰማል። አባቷ መሣሪያውን እየሰበሰበ ጆሮውን ጣል አደረገ።

"ትሰሚያለሽ?" አላት።

"እሰማለሁ።"

"የቱ ነው የኔ?"

አዳመጠች። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ኮረቱ ለሁለቱም እኩል ይንኮሻኮሻል።

"መለየት አልቻልኩም" አለች።

"እንግዲያው አመስግኚ።"

"ማንን?"

"እሱ የአንቺ ጣጣ ነው፤ ጊዜ ወስደሽ ፈልጊው። መጀመሪያ አመስግኚ።"

እርምጃው በሩ ጋ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማን እንደሚሰማት ሳታውቅ፣ አመሰገነች። አባቷ እንዳልሰማ ሆኖ ወንበር ላይ ወጣና የክብር ወረቀቱን ከምስማሩ አወረደው። መስታወቱን በእጅጌው ጠርጎ ደብተሩን ከመደርደሪያው ሳበና ቁጥር ሃያ ስድስት ያለበት ገጽ ላይ ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

"በይ አሁን ፎቶ አንሺው" አላት። "ለተማሪዎችሽ ይሆንሻል። ከላዩ እንዳትቆርጪው።"